ቁልፉ ሲዞር

ይህ የደረሰብኝ አምና ክረምት ላይ ነው። ያን ቀን ከሕክምና ክፍሉ ሮጬ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሕይወት መኖሬን እጠራጠራለሁ፤ ለዚህ ነው የማልረሳው።

ያኔ የምኖረው ሾኔ ነበር፤ ገበያ ውስጥ ልብስ እሸጥ ነበር። የኤችአይቪ መድኃኒቴን የምወስደው ግን ሆሳዕና ሆስፒታል እየሄድኩ ነበር። እዚያ የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም።

ቫይረሱ በደሜ እንዳለ ያወቅሁት ነፍሰ ጡር ሳለሁ ነው። ለባሌ በነገርኩት ዕለት በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ አልጽፈውም። ጽንሱ አልተረፈም። ብዙም ሳይቆይ ባሌ በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ገባ። ለማንም ሳልናገር ኖርኩ።

ያን ቀን ሆሳዕና ስደርስ ዝናቡ ከተማውን አጨልሞት ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ መድኃኒት የምትሰጠኝ ሲስተር ተዛውራ በቦታዋ አንድ ወንድ ነርስ ተቀምጧል። ቁመቱም ትከሻውም ባሌን ይመስላል። ሁለት ቀጠሮ አሳልፌ ስለነበር ይቆጣኛል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን "ሰው እንዳይገባብን" ብሎ ተነሣና በሩን ዘጋ። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ።

ከዚያ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ልቤ ሲመለስ ጥግ ላይ ተኮማትሬ፣ ሆዴን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ትንፋሽ አጥሮኛል።

ነርሱ አልተጠጋኝም። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ቀስ ብሎ በሀዲይኛ፣ "እህቴ፣ በሩ ክፍት ነው። ከፈለግሽ መውጣት ትችያለሽ" አለኝ።

መተንፈስ ስጀምር፣ "ለአንቺ ብዬ ነበር የቆለፍኩት። ሳልጠይቅሽ ማድረግ አልነበረብኝም" አለ። "የት ብትቀመጪ ይሻልሻል?"

"በሩ አጠገብ።"

ወንበሩን አምጥቶልኝ ዞር አለ። "ያለፈውን አልጠይቅሽም፤ ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ። ሴት ባለሙያ ከመረጥሽም እጠራልሻለሁ።"

ለምን ቀረሽ ቢለኝ እዋሸው ነበር። ስላላለኝ ራሴ ነገርኩት።

"ባሌ ሊመለስ ነው ይላሉ። መድኃኒቱን ቤት ውስጥ ካገኘው ይገድለኛል። ለዚህ ነው የተውኩት።"

አላጣጣለብኝም። "እንግዲያው መጀመሪያ የምትሆኚበትን ቦታ እናስብ" አለኝ።

ባሌ እውነትም ተመለሰ። ሾኔ ገበያ ላይ እየዞረ ስለ እኔ ሲጠይቅ ያዩት ሰዎች አሉ። እኔ ግን ቀድሜ ከሾኔ ወጥቼ ነበር፤ ነርሱ መድኃኒቴን ከሌላ ቦታ እንድወስድ አድርጎልኛል። አሁን የምኖርበትን ከተማ ግን እዚህ አልጽፍም።

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ደጄ ላይ ኮቴ ሲቆም እስኪያልፍ አልተነፍስም። መድኃኒቴን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አቋርጬ አላውቅም። የባሌን ስም የነገርኩት ለዚያ ነርስ ብቻ ነው። ብጠፋ ማን እንደወሰደኝ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ለጊዜው የምጽናናው በዚህ ነው።