አብዱሰመድ ያስረጃት ትራክተር

አብዱሰመድ ሃያ ዓመት ትራክተር ነድቷል። ከመርሳ ዋና መንገድ ወደ ፍራፍሬው ማሳ በሚያስገባው ቅያስ እሱን የማያውቅ የለም፤ እሱ ግን ሰው እንዲያውቀው ፈልጎ አያውቅም። ሲያናግሩት ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፣ ሰላምታውም ጉሮሮው ውስጥ ይቀራል። ሥራ በሌለበት ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ትንንሽ ትራክተር ይሠራል።

ኮፈኑ የሳርዲን ቆርቆሮ ነው፣ ጎማው ያለቀ ነጠላ ጫማ፣ መሪው የጃንጥላ ሽቦ። ንድፍ የለውም። የሚነዳትን ትልቋን ትራክተር በስንዝር ይለካና፣ አንዱን ስንዝር በትንሿ ላይ አንድ ጣት ያደርገዋል። ብሎን እንኳ አይዘልም። ሠርቶ ቀለም ቀብቶ ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ጎረቤት የማይገባውን ሥራ ይጀምራል፤ ያስረጃታል። የሎሚ ውሃ በጨው ይበጠብጥና ከብረት ብናኝ ጋር በፍየል ፀጉር ብሩሽ ይቀባል፣ ፀሐይ ላይ ያውላል። የተቃጠለ ዘይት ጠብ ያደርጋል፣ በጨርቅ የተነፋ አቧራ ይነሰንስባታል።

«ሰው አሮጌውን ያድሳል፣ አንተ አዲሱን ታስረጃለህ!» ይለዋል ጎረቤቱ ማሩ። «እኔንስ ተወኝ፣ በራሴ አርጅቻለሁ።»

አብዱሰመድ ግን ሕግ አለው። ውሃ የሚቋጥርበት ቦታ ይዝጋል፤ እጅና እግር የሚነካው ያበራል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የእርሳስ ጫፍ ይዞ፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን የፍሪሲዮኗን መርገጫ ብረት ብረት እስኪል ያሸዋል። ያኔ ብቻ ነው «አሁን ሰው ነድቷታል» ብሎ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጣት።

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደ መርሳ ወረደ። ከወልድያ በእግር የመጡ ሰዎች ታጣቂዎቹ መኪና እንደሚወስዱ፣ ትራክተርም እንደማይምሩ አወሩ። አብዱሰመድ ያን ዕለት ምሳ አልበላም። ግቢው ውስጥ የቆመችው ቀይ ትራክተር የእሱ ብቻ አይደለችም፤ የዐሥራ አንድ ገበሬ ናት። ሰፊ በር ያለው እሱ ስለሆነ እሱ ጋ ታድራለች። ጤፉንና ማሽላውን የሚወቃው ማሽን የሚዞረው በእሷ ጉልበት ነው፣ እህሉን ከማሳ የምታወጣውም እሷ ናት። እሷ ከሄደች ዐሥራ አንድ ቤት በሬ ፍለጋ ይወጣል፤ በሬውም በዚያ ሰሞን ከየት ይመጣል?

«ወደ ቆላ ልንዳት?» አለ።

«መንገድ ላይ ይቀሙሃል» አለ ማሩ።

ባለቤቱ ነኢማ ከበሩ ላይ ሆና ስትሰማ ቆይታ፣ «ትንንሾቹን እንደምታስረጃቸው ይችንም አስረጃት» አለች።

«ነኢማ፣ ያ ጨዋታ ነው።»

«ወላሂ አንድ ቀን እንኳ ለጨዋታ ስትሠራ አላየሁህም።»

ሁለት ቀን ሠሩ። ሎሚ በመርሳ አይጠፋም፤ ማሩ በማዳበሪያ ተሸክሞ መጣ፣ ነኢማ እጇ እስኪላጥ ጨመቀች። ባትሪውን በፕላስቲክ ጠቅልለው ግቢው ውስጥ ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር ቀበሩት። የፊት ጎማዎቹን ፈትተው ከዓምናው አገዳ ክምር ውስጥ ከተቱ፣ ትራክተሯን ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። አብዱሰመድ ኮፈኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቀ፣ ሎሚና ጨዉን ቀባ፣ ጭቃና የዶሮ ኩስ መቀመጫዋ ላይ ለጠፈ። የትልቅ ብረት ዝገት እንደ ትንሹ አይታዘዝም ብሎ ፈርቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማሩ በሩን ገፍቶ ሲገባ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«በእመብርሃን! ገደልካት እኮ!»

አብዱሰመድ ግን አልተረጋጋም። የሆነ ነገር የተሳሳተ ይመስለዋል፤ ምን እንደሆነ አያውቅም። በቀን አምስቴ ይዞራታል፣ በቁጥቋጦው በኩል ያያታል፣ በመንገዱ በኩል ያያታል። ታጣቂዎቹ ሁለት ጊዜ በአጥር ላይ አይተው አለፉ።

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ሦስት ታጣቂዎች ገቡ። ሁለቱ ወጣቶች ናቸው፣ ሦስተኛው ጎልማሳ። አብዱሰመድ የጎልማሳውን ጥፍር አየ፤ ሥሩ ጥቁር ነው። የመካኒክ ጥፍር ነው።

ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ ዘጋ። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አንኳኳ። ከዚያ የትራክተሯን መሰላል ረግጦ ወጣና ቆም አለ፤ ወደ እግሩ አየ። አብዱሰመድም ዓይኑን ተከትሎ አየ፣ ያኔ ለሁለት ወር የከነከነውን ነገር አወቀው። የፍሪሲዮኑ መርገጫ እንደ መስተዋት ያበራል። ሁሉንም ካስረጀ በኋላ፣ ሳያስብ፣ እጁ የለመደውን ሠርቶ በእርሳስ አሽቶታል።

ሰውየው ረገጠው። መርገጫው ልስልስ ብሎ ወርዶ ተመለሰ።

«ይቺ ከቆመች ስንት ጊዜ ሆናት?»

አብዱሰመድ ወደ ነኢማ ዞረ። «አራት… አራት ዓመት» አለች ነኢማ።

«በአራት ዓመት ይሄ ለምን አልዛገም?»

«እሱ እንዲዝግ አይተወውማ! ሥራ ከፈታ ጀምሮ በየጠዋቱ ይወጣና ይነዳታል። የቆመችውን! ጎረቤት እየሳቀበት እኔ በሀፍረት ሞትኩ። ጭንቅላቱን ነው ጌታዬ፣ አላህ ያውቃል።»

«ይነዳታል?» ወጣቶቹ ሳቁ። «እስቲ ይንዳ!»

አብዱሰመድ ነኢማን አየ። እሷ ዓይኗን አልመለሰችም። መሰላሉን ወጣ፣ የዶሮ ኩሱ ላይ ተቀመጠ፣ መሪውን ያዘ። ሰው ፊት ስሙን መጥራት የሚያፍረው ሰው ከንፈሩን አጥብቆ «ድርርርር…» አለ። ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ማርሽ አስገባ፣ «ድርርርርር!» ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ወጣቶቹ ተያይዘው ሳቁ፤ አንደኛው «መታጠፊያ አለ፣ ቀስ በል!» አለው። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ታጠፈ።

ጎልማሳው ግን አልሳቀም። ነኢማ ሮጣ ከመደርደሪያው ቀይዋን ትንሽ ትራክተር አምጥታ፣ «ይኸው፣ ሲመሽ ደግሞ ከዚህ ጋር ነው የሚያወራው» ብላ ሰጠችው። አብዱሰመድ ይህን ሲያይ ድምፁ ተቆረጠ። ዝገቱ አንድ ነው፤ የአንድ እጅ ሥራ መሆኑን ዕቃ የሚያውቅ ሰው በአንድ ዓይን ይለየዋል።

ሰውየው ትንሿን ገለባበጣት። ኮፈኗን በአውራ ጣቱ አሸት አደረገና ጣቱን አሸተተው። ወደ ትልቋ ሄዶ ኮፈኑን አሸት አደረገ፣ ያንንም አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ ሎሚውን ዛፍ አየ።

«የዚችም ፍሪሲዮን ያበራል» አለ ሰውየው፣ አብዱሰመድ ብቻ በሚሰማው ድምፅ። ትንሿን ትራክተር ቦርሳው ውስጥ ከተተና ወደ ወጣቶቹ ዞረ። «የሞተ ብረት ነው። ሰውየውም አይጠቅምም፤ እንሂድ።»

ከሄዱ በኋላ ነኢማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «አብሽር፣ ሄደዋል» አለችው። እሱ ግን ከመቀመጫው አልወረደም። ሰውየው አውቋል። ያወቀ ሰው ደግሞ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። በዚያው ዕለት መርገጫውን በጨውና በሎሚ ቀባው፣ በማግስቱም ደገመው። እስከ ኅዳር መጨረሻ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚሄደው ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ትራክተሯ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ለቀው ሄዱ። ሌሎቹ ዐሥር ገበሬዎች ግቢውን ሞሉት። ጎማው ገባ፣ ባትሪው ከሎሚው ሥር ወጣ። አሁን የአብዱሰመድ ፍርሃት ሌላ ነው፤ አብዝቶ ቀብቶ ከሆነስ? ሎሚው የማይደርስበት ደርሶ እውነተኛውን ሞት አምጥቶ ከሆነስ? ቁልፉን ሲያዞር ሞተር ማስነሻው ሞተሪኖ አቃሰተ፣ ዝም አለ። ደግሞ አዞረ። አቃሰተ።

«በአፍህ ጀምርላት፣ ትለምዳለች!» አለ ማሩ ከኋላ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

በሦስተኛው ጥቁር ጭስ ተፋችና ተነሳች። ነኢማ እልል አለች። አብዱሰመድ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ አሳረፈ። መርገጫው ሻከረው፤ የዛገ ቅርፊት በጫማው ሥር እየተፈረፈረ ወደቀ። ማርሽ አስገባና ዐሥሩን ሰው ከኋላ አስከትሎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ እንደተከለ፣ ወደ ጤፉ ማሳ ነዳት።