የጉልበቴ ዘይት

ባለፈው ሰሞን በዓሣ ማራገፊያው በኩል ሳልፍ፣ አንድ የመናዊ ሽማግሌ የጀልባውን እንጨት በሻርክ ጉበት ዘይት ሲቀባ ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀውና ምሳዬ እስከ ጉሮሮዬ መጣ። ይህን ሽታ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። በጅቡቲ ሙቀት መኪና ውስጥ የተረሳ ዓሣ ከእሱ ይሻላል።

እኔ ይህን ግም ነገር አንድ ሙሉ በጋ ተቀብቻለሁ። ልጅ ሆኜ ጋቦዴ ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው አቧራማ ሜዳ ኳስ ስንጫወት፣ በረኛው ከነክብደቱ ላዬ ላይ ወደቀና ጉልበቴ ቀጭ አለ። ጀሶው ሲፈታ እግሬ ደርቆ አልታጠፍ አለ። ከድሬዳዋ መጥቶ ጨርቅ የሚነግደው አባቴ፣ እኛ ባባ የምንለው፣ ልጁ አንካሳ ሆኖ ሊቀር ነው ብሎ ተጨነቀና ከአንድ ጀልባ ሠሪ ወዳጁ ያንን ዘይት በጠርሙስ ይዞ መጣ።

በየቀኑ ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አሸዋውን ይዞ እየነፈሰ፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሞ፣ እኔ እየጮህኩ ያሸኛል። ዘይቱ ከላቤ ጋር ሲወርድ ዝንብ ይከተለዋል። እናቴ በሻሿ አፍንጫዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ትቆጣለች፤ ጓደኞቼ ሊጠይቁኝ መጥተው ከደጅ ሰላምታ ወርውረው ይሮጣሉ። ባባ ብቻ ምንም እንደማይሸተው ሰው፣ «ታጠፍ እንጂ፣ አንተ ግመል!» ይላል፤ እኔን ሳይሆን ጉልበቴን።

ለካ ይሸተው ኖሯል። ባባ ማዕድ ላይ ሰው ሳያጎርስ የማይነሳ ሰው ነበር። ያን በጋ ግን ሳህኑን ለይቶ፣ ጥግ ይዞ፣ በማንኪያ ይበላ ጀመር፤ እጁን በሳሙናም በሎሚም ቢያሸው ሽታው አልለቅ ብሎታል።

አንድ ቀን ጉልበቴ እሺ አለና እንደ ሰው እግሬን አጥፌ ትሪው ዙሪያ ተቀመጥኩ። ባባ ማንኪያውን ወርውሮ መጣና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፌ ላከ፤ ሽታው ከእጁ ቀድሞ ደረሰ። ዋጥኩት። እንባዬ መጣ፤ እናቴ የደስታ መሰላት።

አሁን ጉልበቴ ሲያመኝ ከፋርማሲ የሚሰጡኝን ሽታ የሌለው ቅባት ብቻዬን እቀባለሁ። ባባ ከሞተ ወዲህ ያጎረሰኝ ሰው የለም።

በዓሣ ማራገፊያው ያገኘሁት ሽማግሌ ከአጠገቡ ቆሜ መቅረቴ ሳይገርመው አልቀረም።

«አይሸትህም እንዴ?» አለኝ በአረብኛ።

«ይሸተኛል» አልኩት፤ አፍንጫዬን ግን አልያዝኩም፣ ከዚያም አልሄድኩም።