ለአሪየት ያላስተረጎምኩት

ይህን ነገር እስከ ትናንት ድረስ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ትናንት አንድ ሰው አወቀ። ዛሬ እናንተ ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ የፈለገ ይወቀው።

በቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። ጠጪ እንደነበርኩ ተናግሬ ሰው አልቅሷል። የሰው መረብ ቆርጬ ዓሣ እንደሰረቅሁ ተናግሬ ሰው ስቋል። ይህኛውን ግን አልተናገርኩም። ስካርና ሌብነት እኮ ለመናገር ቀላል ነው። ሰው "ጌታ ይመስገን!" ይልና አጨብጭቦ ያስቀምጥሃል። ይህኛው ጭብጨባ የለውም።

እሁድ እሁድ ሰባኪው በአማርኛ ሲሰብክ አጠገቡ ቆሜ ወደ አኝዋክኛ የማስተረጉመው እኔ ነኝ፣ እኔ ኡጁሉ። ሰባኪው ረጅም ተናግሮ የኔ ቃል ሲያጥር ዓይኔ ሳላዘው ወደ ሴቶቹ ወንበር ይሄዳል። ሚስቴ አሪየት እዚያ ተቀምጣለች። ቀና ብላ ታየኛለች።  እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ያንኑ ነገር በዚያው አፍ እንደገና እሠራዋለሁ።

ያኔ የምንኖረው በጋምቤላ ክልል፣ ከአቦቦ ወደ ጎግ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ትንሽ መንደር ውስጥ ነበር። ፊደል አልቆጠርኩም። አማርኛ ግን በአፌ ነበረኝ፤ ልጅ ሆኜ አቦቦ ከደጋ ከመጡት ሰፋሪዎች ጋር በቆሎ ስሸከም፣ አብሬያቸው ስበላ፣ በነሱ ስሰደብ የለመድኩት ነው። በመንደሩ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ሰው ፖሊስ ሲጠራው እኔን ይዞ ይሄዳል። ቀበሌ ጉዳይ ያለው እኔን ይዞ ይሄዳል። ሴቶቹ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ደግሞ አማርኛ የሚችል ባል ያላት በባሏ ታስተረጉማለች፤ የሌላት እኔን ታስከትላለች። ሚስት የሆዷን ነገር በባሏ አፍ ትናገራለች፣ የሐኪሙን ነገር በባሏ አፍ ትሰማለች። ይህ ክፉ ነው ብሎ ያሰበ ማንም የለም። ያለው መንገድ እሱ ብቻ ነበር።

አሪየት ሁለተኛ ልጃችንን አረገዘች። የመጀመሪያዋ፣ አቻላ፣ ያኔ ሮጣ የምትጫወት ልጅ ነበረች። ይህ ሆድ ግን እንደ አቻላው አልሆነም፤ ወደ ጎን ሰፋ። "እንሂድና ይዩልኝ" ያለችው አሪየት ራሷ ናት። ይህን ልብ በሉልኝ። ልታውቅ ፈልጋ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ሄዳ፣ ከሚያውቅ ሰው ፊት የተቀመጠችው እሷ ናት። የተከተልኳት እኔ ነኝ።

አዋላጇ ወጣት ደገኛ ነበረች። ሁሉም "ሲስተር" ይላታል። በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛዋ ሆና መጠየቅ ጀመረች። የመጀመሪያዋ እንዴት ተወለደች? በደህና፣ አልኩ። ደም በዝቶባት ነበር? አልበዛባትም፣ አልኩ። ሲስተር ብዕሯን አስቀመጠች።

"እሷን ነው የምጠይቀው።"

"እኔን ጠይቂኝ፤ የማውቀው እኔ ነኝ።"

ተራ ከሚጠብቁት አንዲት የሰፋሪ ሴት አንገቷን በበሩ አስግጋ፣ "ሲስተር፣ እሱን አስተኝተሽ እዪው! ያረገዘው እሱ ሳይሆን አይቀርም" አለች። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሲስተርም ሳቋን ዋጥ አድርጋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሳየችኝ። ነፍሰ ጡር ልትጠነቀቅበት የሚገባው እዚያ ተጽፏል፤ እስክመረምራት በቋንቋዋ አንብብላት አለችኝ። ዓይኔን ከግድግዳው አንስቼ መሬት መሬት አየሁ።

"ማንበብ አትችልም እንዴ?"

በክፋት አልነበረም የጠየቀችው። አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ከሴቶቹ ሳቅ ይልቅ ያቺ ጥያቄ ሆዴ ገብታ ተቀመጠች።

ከዚያ አሪየትን አስተኝታ ሆዷን በሁለት እጇ ዳበሰች። ደጋግማ ዳበሰች። ስትጨርስ ድምፅዋ ተለወጠ። ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ቀስ ብላ ተናገረች። ልጁ ተጋድሟል አለች። ገና ሊዞር ይችላል፣ ካልዞረ ግን ቤት ውስጥ አይወለድም አለች። ወሩ ሲቃረብ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይቆርጠው፣ መጥታ ግቢው ውስጥ ካለው የእናቶች ማቆያ ትቀመጥ አለች። ውሃ ከፈሰሳት፣ ደም ካየች፣ ወይ እጅ ቀድሞ ከወጣ ቤት እንዳትቆይ፣ ያገኛችሁት ነገር ላይ ጭናችሁ አምጧት አለች።

"ገባህ? እንዳለ ንገራት።"

ገብቶኛል። እያንዳንዷ ቃል ገብታኛለች። አማርኛው ከበደኝ ብዬ ማምለጥ አልችልም፤ ሲስተር የተናገረችው ልጅ የሚገባው አማርኛ ነበር። ወደ ሚስቴ ዞርኩ።

"ልጁ ጠንካራ ነው። ብዪ፣ ጠጪ ብላለች" አልኳት።

አሪየት ሲስተርን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። "ያን ሁሉ ተናግራ ይህችን ብቻ ነው ያለችው?"

"ደገኛ ወሬ ያበዛል።"

አሪየት ሳቀች። ከልቧ ሳቀች። ሲስተርም የአሪየትን ሳቅ አይታ፣ ነገሩን ሰምታ አልፈራችም ብላ መሰለኝ፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

ለምን እንዲህ አደረግሁ? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ዓይነት መልስ ሰጠሁት! አንዳንዴ ማሽላው ነው እላለሁ፤ እሷ ከሄደች ወፍ ማን ይጠብቃል? አንዳንዴ ደግሞ ማቆያው በደገኛ ሴቶች የተሞላ ነው፣ ቋንቋ የማታውቅ ሚስቴን ማን ያናግራታል እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱም ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ያቺ ሲስተር በሴቶች ፊት ግድግዳ አሳየችኝ። እኔም ቃሏ ያለ እኔ የትም እንደማይደርስ ላሳያት ፈለግሁ። እሷ ግን መች አየች? ማን አየ? ማንም። በር ነበርኩ፣ ተዘጋሁ። በቃ።

ደግሞም ይዞራል ብዬ ነበር። "ሊዞር ይችላል" ብላ የለም? ከዚያ ሁሉ ቃል ያችን ብቻ መርጬ ለራሴ አስተረጎምኩ።

ልጁ አልዞረም። ዝናቡ ገባ፣ መንገዱ ተቆረጠ። ምጡ ማለዳ ጀመራት። የመንደሩ አሮጊቶች ገቡ፣ እኔ ከጎጆው ውጭ ተቀመጥኩ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የውስጡ ድምፅ ተለወጠ። አክስቴ ናት የጮኸችው፦ "እጅ ነው! እጁ ወጣ!"

በዚያ ዘመን በመንደራችን አሮጊቶቹ የሚያምኑት ነገር ነበር። ምጥ የጠናባት ሴት ከሌላ ወንድ ጋር ተኝታለች፤ ስሙን ካልጠራች ልጁ አይወጣም ይላሉ። እጁን ያወጣ ልጅማ እናቱን እየጠቆመ ነው።

"ተናገሪ! ልጅሽን በገዛ አፍሽ አትግደዪ!"

"ማንም የለም እናቴ፣ ማንም የለም!"

"እሱ ያውቃል። እጁን አላየሽውም? ስም ጥሪ!"

እጅ። ሲስተር የነገረችኝ እጅ። እኔ በሩን በክንዴ ልነካው እችል ነበር። "የደበቀው እኔ ነኝ፣ አንሷትና እንውሰዳት" ማለት ነበር። አስተርጓሚ በማይፈልግ፣ እናቴ ባስተማረችኝ ቋንቋ፣ አንድ ቃል። አፌን ከፈትኩ። አፌን ዘጋሁ። ውስጥ የማታውቀውን ኃጢአት እንድትናዘዝ የሚጮኹባት ሚስቴ ናት፤ ኃጢአተኛው ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ወንድ ነኝ ብሎ ተቀምጧል። ጥርሱን እየፋቀ ተቀምጧል።

በመጨረሻ አሪየት ስም ጠራች። "ኦሞት" አለች። ኦሞት ድንበር ተሻግሮ ወደ ፖቻላ ሄዶ ያልተመለሰ የመንደራችን ሰው ነው። አሮጊቶቹ "ተገላገለች፣ አሁን ይወጣል" ተባባሉ። እኔ ግን ኦሞት የሄደው አሪየትን ከሌላ መንደር ከማግባቴ በፊት እንደሆነ አውቃለሁ። ፊቱን አይታው አታውቅም፤ ስሙን ከወሬ ነው የሰማችው። በዚያ ምጥ ውስጥ ሆና ማንንም ከማንም የማያጣላ፣ ማንም ጦር ይዞ የማይሄድበትን ሰው ፈልጋ አገኘች። ልጇን ልታድን ያልሠራችውን ተናዘዘች።

ልጁ አልወጣም።

ያን ጭቃ የሚያልፈው የአንድ ሰፋሪ ትራክተር ብቻ ነበር። በተጎታቹ ላይ ጭነን ጤና ጣቢያ አደረስናት። ያቺው ሲስተር ወጣች። አሪየትን አየች፣ የልጁን እጅ ነካች፣ ወደ እኔ ዞረች። አልጮኸችም። "ነግሬህ አልነበረም?" አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። አሪየት ከተጎታቹ ላይ ሆና በደከመ ድምፅ ጠየቀችኝ፦ "ምን አለች?"

"ጌታ ያጽናሽ ትላለች" አልኳት።

አያችሁ? ሁለተኛ ጊዜ። የመጀመሪያውን ኩራት ነው በሉት። ይህኛውን ምን ትሉታላችሁ?

አምቡላንስ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል ወሰዳት። ልጁ ሞቶ ወጣ፤ ወንድ ነበር። አሪየት ተረፈች፣ ከዚያ ወዲህ ግን አልጸነሰችም። ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ አንድ ቀን ከአጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። "ኦሞትን አላውቀውም" አለችኝ። "ዋሽቼ ነው። በንጹሕ ሰው ስም ስለዋሸሁ ነው ልጁ የሞተው።" እንድፈርድባት አይደለም የመጣችው፤ ሸክሙን እንዳግዛት ነው። እኔ ምን አልኩ?

"ማን ያውቃል" አልኩ።

እኔ አውቅ ነበር! ከፈጣሪ ቀጥሎ በዚህ ምድር ላይ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። በስካሬ ዘመንማ፣ አታምሽ ስትለኝ፣ "ወደ ኦሞትሽ ሂጂ!" እያልኩ እሰድባት ነበር። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ። አንገቷን ትደፋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሪየት የሰው ሕፃን አታቅፍም። ከተማ ከገባንም በኋላ ጎረቤት ሲወልድ ከአጥሩ ውጭ ቆማ እንኳን ማርያም ማረችሽ ትላለች እንጂ አትገባም። ሕፃን ሲያቀብሏት "እጄ ዓሣ ዓሣ ይላል" ብላ እጇን ትደብቃለች። ሴቶቹ ንጽሕና የምትወድ ናት ይላሉ።

እኔ ከሸመገልኩ በኋላ ፊደል ቆጠርኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከልጆች ጋር ተቀምጬ፣ ልጆቹ እየሳቁብኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ሊያነብ ጓጉቶ ነው ይሉኛል። ውሸት ነው። የተማርኩት ማንም ሴት ዳግመኛ ግድግዳ እንዳታሳየኝ ነው። ተምሬም ያው እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ አቻላ ነፍሰ ጡር ናት። አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት ትሠራለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ጁባ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ ሁሉም አስተማሪዋ ሆኗል። ጎረቤቷ እንቁላል አትብዪ፣ ልጁ ይገዝፋል ትላታለች። የሥራ ጓደኛዋ የክትባት መርፌውን እንቢ በዪ ትላታለች። ስልኳ ደግሞ ሌላ ይነግራታል። እሷ ግን የሰማችውን ሁሉ ይዛ አዋላጇ ዘንድ ትሄድና "ይህ እውነት ነው? ይህስ?" እያለች አንድ በአንድ ትጠይቃለች። በገዛ አፏ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ጥያቄው ይሄዳል፣ መልሱ ይመጣል፣ በመካከል ማንም የለም። ይህ እንዲህ ቀላል ነገር ነበር?

አዋላጇ በምጥሽ ጊዜ የምታምኛት አንዲት ሴት አጠገብሽ ትሁን አለቻት። አቻላ እናቷን ለመነች። አሪየት እምቢ አለች። "እኔ ባለሁበት ልጅ በደህና አይወለድም፤ እኔን ተዪኝ" አለች። አቻላ አለቀሰች፣ ተቆጣችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አባ፣ እስቲ አንተ ንገራት! የሰውን ነገር ለሰው የምታደርስ አንተ አይደለህ?"

ትናንት ከሰዓት በኋላ አሪየት ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ዓሣ እየጠረገች ነበር። ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሲስተር ያኔ ነግራኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ አልኳት። ልጁን የገደለው ያንቺ ውሸት አይደለም፣ የኔ ነው አልኳት። ቢላዋዋ አልቆመችም። ቅርፊቱ ይፈናጠራል። ያን ዓሣ ጨርሳ ሌላ እያነሳች፣

"ምን ነበር ያለችው?" አለች።

"ማቆያው ትግባ አለች፣ ልጁ…"

"አታሳጥር። እንዳለችው ተናገር።"

እንዳለችው ተናገርኩ። ልጁ ተጋድሟል። ጠበቅሁ፤ ራሷን ነቀነቀች። ገና ሊዞር ይችላል፣ ካልዞረ ግን ቤት ውስጥ አይወለድም። ራሷን ነቀነቀች። ወሩ ሲቃረብ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይቆርጠው፣ መጥታ ማቆያው ትቀመጥ። ውሃ ከፈሰሳት። ደም ካየች። እጅ ቀድሞ ከወጣ። እዚህ ላይ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ከዚያስ?"

"ቤት እንዳትቆይ፣ ያገኛችሁት ነገር ላይ ጭናችሁ አምጧት። ገባህ? እንዳለ ንገራት አለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አንቺ ሳቅሽ።"

"ሳቅሁ" አለች። ዓይኗ ከኔ ላይ አልተነሳም። 

ተነስታ ሳሙና አመጣች። እጇን ታጠበች። እስከ ክርኗ አጥባ፣ አሽትታ፣ እንደገና ታጠበች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ አቻላ ቤት መንገድ ጀመረች። ዓሣው ግማሹ እንደተጠረገ፣ ግማሹ እንዳለ ቀረ። ዛሬም አልተመለሰችም። አንድ የአቻላ ጎረቤት በዚህ ሲያልፍ፣ እናትና ልጅ በር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው፣ አሪየት እጇን የልጅቷ ሆድ ላይ አድርጋለች አለኝ።

ይቅር በዪኝ አላልኳትም። ይቅርታ መጠየቅ ከሷ አንድ ነገር ጨምሮ መውሰድ ነው፤ የወሰድኩት ይበቃል። እናንተንም አልጠይቅም። ለሰባኪው ግን እሁድ ሌላ ሰው ፈልግ ብዬዋለሁ።

ከእናንተ መካከል ይህን ማንበብ ለማይችል ሰው፣ ወይም አማርኛ ለማይሰማ ሰው የሚነግር ካለ አንድ ነገር ብቻ እለዋለሁ፦ እንዳለ ንገረው። አታሳጥርልኝ።