ፓራፋንጎ ላይ የደረቀ ጭቃ

ባለፈው ሳምንት ሁለት ፈረንጆች በብስክሌት ሰመራን አቋርጠው ሄዱ። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ፊታቸው በፀሐይ ተገሽልጧል፤ ብስክሌታቸው ግራና ቀኝ ቦርሳ ተጭኖበት የገበያ አህያ መስሏል። እኔና ጎረቤቴ ሁመድ ከእህቴ ልጅ ሱቅ ደጃፍ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጠናል። ሁመድ ሲያያቸው ብድግ ብሎ ዱላውን አነሳላቸው። እነሱ ደወላቸውን ቅጭል ቅጭል አድርገው፣ እጃቸውን አውለብልበው፣ ስቀው አለፉ።

ሁመድ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ዘመዶችህ አለፉ» አለኝ።

«የምን ዘመድ አመጣህብኝ?»

«ደውሎ የሚያልፍ ሁሉ ያንተ ዘመድ ነው።»

ይሄን ቀልድ ከአርባ ዓመት በላይ ቀልዶብኛል። አላረጀበትም። እኔም እያኮረፍኩ እሰማዋለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የቀረ ቀን ቅር ይለኛል።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ሰመራ የሚባል ከተማ የለም። ዛሬ ቢሮና ፎቅ የቆመበት ቦታ ጥቁር ድንጋይና ንፋስ ነበር። እኔ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ጭነት አወርዳለሁ። ጉልበት አለኝ፣ ሚስት የለኝም፣ አንዲት ጥቁር የቻይና ብስክሌት አለችኝ። እሷን ሳላጥብ ፊቴን አልታጠብም።

ታናሽ እህቴ ዘነበች አሳይታ አግብታ ትኖር ነበር። ባሏ ጥጥ እርሻ ላይ ይሠራል። ሐምሌ ላይ አንድ ሾፌር ወሬ አመጣልኝ፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ክርስትናው ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶታል። በዚያው ሰሞን እናታችን ከምንጃር አንድ ጣሳ ቅቤ ልካ ነበር፤ «ለአራሷ ይድረስ፣ አናቷን ትቀባ፣ በገንፎ ትብላ፣ ሰው እንደሌላት አትሁን» ብላ። እናቴ መሄድ አትችልም፤ ጉልበቷ ታሟል። ከኛ ወገን በዚያ ክርስትና ላይ የሚቆም ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ታዲያ በመኪና እንዳልሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን የሚሰጠው የቀበሌው ሰው ደግሞ ተጣልቶኛል። ለምን ተጣላን? እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ ግን ይቅርታ አልጠይቅም ብዬ ነበር። ዛሬም አልጠይቅም። ኬላ ላይ ደግሞ መኪና ይፈተሻል እንጂ ብስክሌት ማን ያስቆማል?

«በብስክሌት እሄዳለሁ» አልኩ።

ወሬውን ያመጣልኝ ሾፌር ሳቀብኝ። «አንተ ተሾመ፣ ይሄ እኮ ወደ ገበያ መሄድ አይደለም። የሰው አገር ነው! ቋንቋቸውን ታውቃለህ?»

«ብስክሌት ቋንቋ አይፈልግም።»

ይሄን ያህል ነበር የማውቀው።

ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። ቅቤው ከኋላ መጫኛው ላይ በገመድ ታስሯል፣ ውሃ በሁለት ጄሪካን፣ ዳቦ ቆሎ በከረጢት። ጠዋት ጠዋት ደስ ይላል፤ አስፋልቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ከግራሩ ሥር ድኩላ ትሮጣለች። አራት ሰዓት ሲሆን ግን ሬንጁ ይለሰልሳል፣ ጎማው ሽርር ይላል፣ የአሰብ ተሳቢዎች ሲያልፉ የእሳት አየር ይተፉብሃል።

ሰው አልጠፋም። ግመል የሚነዳ ሽማግሌ ዱላውን አነሳልኝ። ድልድይ ሥር የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ተጣሩ። እኔ ስለ አፋር ሰው ያልሰማሁት አስፈሪ ወሬ አልነበረም፤ የነገሩኝ ሁሉ ደግሞ አንድ ቀን ከአፋር ጋር ቁጭ ብለው የማያውቁ ናቸው። ስለዚህ ደወሌን ደወልኩ፣ እጄን አውለበለብኩ፣ ፔዳሌን ረገጥኩ። ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ሄድኩ። ሌሊት ከመንገድ ገባ ብዬ ብስክሌቴን አቅፌ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ገዋኔን ካለፍኩ በኋላ ጎማዬ ላይ እሾህ ገባ። ከውስጡ ካላማዳሪያውን አውጥቼ ልለጥፍ ብል ማስቲሹ በሙቀቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ውሃዬም አለቀ። ተሳቢ ባስቆም ወረቀት የሌለውን ሰው ማን ይጭናል? ብስክሌቴን እየገፋሁ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ፣ ከመንገዱ ራቅ ብለው የሰሌን ቤቶች ያሉበት ደረስኩ።

ውሃ አልከለከሉኝም። አንዲት ሴት በቆርቆሮ ሞልታ አመጣች፤ መሬት ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ጠጣሁ። ከዚያ ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ያየኛል። ሰላም የሚለኝ የለም። አንድ ሽማግሌ ጊሌ የሚሉትን ጩቤ ወገቡ ላይ ታጥቆ ከዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ፊቱን አዞረ። ያኔ ፈራሁ። ጎማዬ ፈንድቷል፣ እህቴ ሩቅ ናት፣ ከነዚህ ሰዎች በቀር የሚያሻግረኝ የለም፤ እነሱ ደግሞ የማያዩኝ ሆኑ።

በመጨረሻ እንደ እኔ ያለ ጎረምሳ መጣ። ጥጥ እርሻ ላይ ሠርቶ አማርኛ ያውቃል። ይሄ ሁመድ ነው።

«አንተ ነህ በብረት የምትሸሸው?» አለኝ።

«ማን ሸሸ?»

«ግመል የያዘውን ሽማግሌ አልፈሃል። ድልድዩ ሥር ያሉትን ሁለቱን አልፈሃል። የፍየል እረኛዋን አልፈሃል። ሰርቀህ ነው? ወይስ ከጦር ነው የጠፋኸው?»

ወሬው በግመል ይሁን በተሳቢ ተጭኖ እንዴት እንደቀደመኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ደወልኩላቸው እኮ!» አልኩት።

«ደወል የፍየል ነው። ሰው ሰው ሲያገኝ ይቀመጣል። ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ በመንገድ ያየውን ይናገራል፣ የሌላውን ይሰማል። ዳጉ ነው ይሄ። ዳጉ የማይሰጥ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። አጎቴ እንደዚያ ነው የሚለው» ብሎ ወደ ሽማግሌው ጠቆመኝ።

ሄጄ ከሽማግሌው ፊት ተቀመጥኩ። ከየት እንደመጣሁ ተናገርኩ፣ ስለ እህቴ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ቅቤው። ሁመድ ያስተረጉማል። ሽማግሌው ሲያዳምጥ ቆይቶ ጠየቀኝ።

«ምን አየህ?»

«መንገድ።»

«ከመንገዱ ሌላስ?»

«ጎማዬን።»

ሁመድ ሲያስተረጉም በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቀም። በየቤቱ ጥግ የቆሙት ፍየሎች ጎድን ይቆጠራል። ዝናቡ እንደዘገየባቸው አላስተዋልኩም ነበር። ሽማግሌው ተነሣና ወደ ብስክሌቴ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ከኋላው ጎማ ጭቃ መከላከያ፣ ከፓራፋንጎው ሥር በጥፍሩ ፋቀ። የደረቀ ጭቃ ነው። አሸተተው። በጣቱ አሽቶ ድቃቂውን አየው።

«ይሄ የት ነው?»

ጭቃው! ትናንት ከሰዓት፣ ገዋኔ ሳልደርስ፣ አስፋልቱን ውሃ አቋርጦት አንሸራቶኝ ወድቄ፣ ብስክሌቴ ቆሸሸችብኝ ብዬ ያልተሳደብኩት የለም። ያንን ነገርኩት።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው መች ያልቅና! ውሃው ይሄድ ነበር ወይስ ቆሟል? ቀይ ነው? እስከ የት ረገጥከው? ደመናው በየትኛው ተራራ በኩል ነበር? አህያ አየህ? ሳሩስ? አላየሁም ያልኩትን ሁሉ ቀስ እያለ አውጣጣኝ። ሦስት ግራር ጎን ለጎን የቆሙበት ቦታ እንደሆነ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ድረስ እንደነበር፣ ከማዶ አረንጓዴ ነገር ብቅ እንዳለ። ዓይኔ አይቶታል፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።

ወሬዬን ሳልጨርስ ሁለት ሰዎች ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ቦታውን አይተው ፍየሎቹን ሊወስዱ ነው። ሽማግሌው በእጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ወተት መጣ። ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት፣ ጠብታ በማያፈስ የሰሌን ቅርጫት ጢም ብሎ። ቀኑ አርብ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጠጣሁት። ሁለተኛውንም ጠጣሁት።

ካላማዳሪያውን የጠገነችልኝ ያቺ ውሃ የሰጠችኝ ሴትዮ ናት። ቀዳዳውን ጠቅልላ፣ የውሃ ስልቻ አፍ እንደሚታሰረው፣ በቀጭን የፍየል ጠፍር ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ነፋሁት፤ ያዘ። ጎማው ግን እብጠት አውጥቶ፣ ከዚያ እስከ አሳይታ ብስክሌቴ እንደ አንካሳ እየዘለለች ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ማንንም አላለፍኩም። ላልፍ ብልስ ማን ያሳልፈኛል? ወሬው አሁንም ቀድሞኛል፤ አሁን ግን ሌላ ወሬ ነው። ከጥላው ሥር ወተት ይዘው ይጠብቁኛል። ቋንቋ ባይኖረኝም ዳጉው በእጅም በአፍም ይሆናል፤ ዝናቡን በእጄ አወርዳለሁ፣ ሕፃኑን በክንዴ አቅፌ አሳያለሁ፣ ወደ አሳይታ እጠቁማለሁ። ይስቃሉ፣ የነሱን ይነግሩኛል። አንዱ ዳጉ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እኔ ደግሞ ለክርስትናው የቀረውን ቀን በጣቴ እቆጥራለሁ። ቅቤውም ቀልጦ በመጫኛው ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ግን አንዴ ቀምሼዋለሁ፤ ደውዬ አላልፍም።

በክርስትናው ዋዜማ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሳይታ ደረስኩ። ቤቱን ማን ይጠቁመኝ እያልኩ ገና ገበያው ጋ ስቆም፣ አንድ ወሎዬ ባለሱቅ ከሱቁ ወጥቶ «ያ አሏህ! የዘነበች ወንድም አይደለህ? በዚህ በኩል ነው» አለኝ።

እህቴ ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። አልደነገጠችም።

«ሦስት ቀን ሆነን እኮ ስንጠብቅህ!» አለችኝ። ከዚያ ከኋላዬ አየት አድርጋ፣ «ቅቤው ፈሰሰ አሉ፤ እስኪ ምን ያህል ተረፈ?»

ግማሹ ተርፎ ነበር። በነጋታው አናቷን ተቀብታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔም ቆምኩ። ከኛ ወገን ሰው ነበራት።

ያ ሕፃን ነው አሁን የዚህ ሱቅ ባለቤት። ሁመድ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ወዳጄ ሆኖ ቀረ፤ እሱ ወደ ከተማ ገባ፣ እኔ ወደዚህ መጣሁ፣ ጎረቤት ሆንን። በየጠዋቱ ሲመጣ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው፦ ምን አየህ? ከቤቴ እስከዚህ ሱቅ ሃምሳ እርምጃ ነው። ግን ሁልጊዜ የምነግረው አላጣም።

ፈረንጆቹ በሄዱ በማግስቱ አንድ የተሳቢ ረዳት ለስላሳ ሊገዛ ወረደ። ሁመድ ለስላሳውን ሳያስጨርሰው «ምን አየህ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ በዋዜማው ከሰመራ ወዲያ፣ ዲቾቶ አጠገብ አይቷቸዋል። ብስክሌታቸው መሬት ተጋድሟል፣ እነሱ ከሰዎች መሃል ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ሴትዮዋ በእጇ አየር ላይ የሆነ ነገር እየሳለች ታስረዳለች።

«ተቀምጠዋል?» አለ ሁመድ።

«ተቀምጠዋል።»

እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። እንግዲህ ደህና ናቸው አልንና ሻያችንን ጠጣን።