ከአውሮፕላን የዘገየ መርዶ

ይህ የደረሰብኝ በስደት የምኖርበት የዋይንድሃም ቬል ሰፈር ባቡር ጣቢያ በተከፈተ በዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ይቅር ብዬ አይደለም። ጋሼ ተክሌ ግን በየሰርጉና በየተዝካሩ «እሷን ያጽናናኋት እኔ ነኝ» ማለታቸውን ስላልተዉ እኔም የበኩሌን ልበል።

ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ የሺ አዲስ አበባ ያረፈችው ማክሰኞ ነው። ዘመዶቼ እንደ ወጉ ለእኔ አልደወሉም። ማለዳ ሰው ተሰብስቦ እንዲያረዳኝ እዚሁ ከተማ፣ ፉትስክሬይ ለሚኖሩት ለዕድራችን ሰብሳቢ፣ ለጋሼ ተክሌ ደወሉ።

እኔ ምንም ሳላውቅ ረቡዕና ሐሙስ ላቨርተን ኖርዝ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ዋልኩ። ዓርብ እንጀራ ልገዛ ፉትስክሬይ ስወርድ ከዕድራችን አባል ከእትዬ ዘነበች ጋር ተገናኘን። ስንት ዓመት ሰላምታ ሲቆጥቡብኝ የኖሩ ሴትዮ አቅፈው ሳሙኝ።

«በደንብ ብዪ፣ ከስተሻል» አሉኝ።

አንድ ነገር ሊለምኑኝ ነው ብዬ በቶሎ ተለየኋቸው።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሦስት መኪና ሙሉ ሰው በሬ ላይ ቆመ። አንዱማ ያቆመው አበባዬ ላይ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳያቸው መርዶ መሆኑ ገባኝ። «እህትሽ የሺ» አሉኝ። ጮህኩ፤ ደረቴን መታሁ። ትንፋሼ ሲመለስ መቼ እንደሆነ ጠየቅሁ።

«ማክሰኞ ነው» አሉ ጋሼ ተክሌ። «ረቡዕ ተቀበረች፤ ትናንት ሣልስቷ ወጣ።»

«ለምን ያን ዕለት አልነገሩኝም?»

«አስካለ፣ አገሩ ሩቅ ነው። አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎሜትር ነው። ለቀብሩ አትደርሺም። ደግሞ የሥራ ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ ሺፍት ላይ ነበር።»

እትዬ ዘነበች ከሶፋዬ ላይ ሆነው «ብቻሽን አውሮፕላን ውስጥ ብታለቅሺ ማን ይይዝሻል ብለን ነው» አሉ።

«አስተናጋጆቹ ይይዙኛላ» አልኩ። «ጋሼ፣ በዱባይ በኩል ከነጥበቃው አንድ ቀን ነው። ረቡዕ ብነሳ ሣልስቷን ቆሜ አወጣ ነበር። እርስዎ ከፉትስክሬይ እዚህ ለመድረስ ስንት ቀን ፈጀብዎት? ባቡሩ እኮ ግማሽ ሰዓት ነው።»

አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው።

«ሐዘን ነው የሚያናግራት» አሉ ጋሼ ተክሌ፤ ከዚያም ቁርስ እንዲቀርብ አዘዙ።

እሑድ ተሳፈርኩ። ስደርስ ድንኳኑ ተነቅሎ ወንበሩ ተመልሷል። የእህቴ ጎረቤቶች ወሬውን ጨርሰውት ነበር፤ ያሳደገቻት ልጅ ለሣልስቷ እንኳን አልመጣችም ተብሏል። ለአንዷ ላስረዳ ሞከርኩ። «አይ፣ መንገዱ ሩቅ ነዋ» ብላ አዘነችልኝ። ከስድብ የባሰ የተሰማኝ ያ ነው።

አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ዕድሩን ግን አልለቀቅሁም። ጋሼ ተክሌ በሞት ከቀደሙኝ፣ ለንደን ያሉት ልጆቻቸው በዚያው ሰዓት ከእኔ ስልክ ይደወልላቸዋል። መምጣት አለመምጣቱን እነሱው ይወስኑ።