ለአጸደ ያልተተከለው ድንኳን

ጉብታው በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ስም ያወጣንለት እኛ ነን። ከመቷችን ወታደር ግማሹ የአራዳ ልጅ ስለነበር በሰፈራችን ስም «ዶሮ ማነቂያ» አልነው። እዚያ ላይ አንገቱን ቀና ያደረገ አይመለስም ነበርና ስሙ ልክ ነበር። ከጉብታው ሥር የሚያልፈውን የአሸዋ ወንዝ ደግሞ በሰፈራችን ድልድይ ስም «ራስ መኮንን» አልነው። ድልድይ አልነበረውም። ውሃም አልነበረውም። ከወንዙ ማዶ የሶማሊያ ጦር የያዛት ከተማ ነበረች። ከተማዋ ውስጥ አጸደ ነበረች።

ልጆቼ፣ ስለ ጦርነቱ ስትጠይቁኝ ስንት ሰው ገደልክ ትሉኛላችሁ። እሱን ተዉት። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ያውም ተናድጄ ነው የምነግራችሁ። ዕድሜ ንዴትን ያበርዳል የሚሉ ሰዎች በቅጡ የተናደዱበት ቀን የላቸውም።

አጸደ የእትዬ በላይነሽ አንድያ ልጅ ነበረች። አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ድሬዳዋ አደገች፤ ሶማሊኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተጫወተች ለመደችው። አባቷ ሲሞት እናቷ ይዛት ፒያሳ ገባች። እኔ የማውቃት ኬክ ቤት ውስጥ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ማኪያቶ ስታቀብል ነው። ምላሷ ስለት ነበር። የሚለክፋትን ጎረምሳ ሁሉ በአንድ ቃል አሳፍራ ትሸኘው ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ከሰፈር ጠፋች። እናቷን ስንጠይቃት «ድሬዳዋ አክስቷ ጋ ሄዳለች» አለችን። እሷም የምታውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ግንባር በደረስን በሳምንቱ የመረጃ መኮንናችን አስጠራኝ። ያኔ አሥር አለቃ ነበርኩ።

«ታዬ፣ ከከተማዋ ሴቶች ጭራሮ ለቀማ ወደ ወንዙ ይወጣሉ» አለኝ። «አንዷ የኛ ሰላይ ናት። ከግራሩ ሥር ትንሽ እስር ጥላ ትሄዳለች። እየሄድክ ታመጣለህ።»

አሠራሩ ቀላል ነበር። ወፍራም እንጨት ታንክ ነው። ቀጭኑ የጭነት መኪና ነው። ልጡ የተላጠው መድፍ፣ ጫፉ የተለበለበው ፈንጂ። ወረቀት የለ፣ ሬዲዮ የለ። ቢፈትሿት የሚያገኙት ጭራሮ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጎህ ሲቀድ ቁጥቋጦ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ጠበቅሁ። ራሷን በሻሽ የተከናነበች ሴት ሸክሟን አዝላ መጣች። ከግራሩ ሥር ጎንበስ ብላ ትንሿን እስር አኖረች። ቀና ሳትል በአማርኛ ተናገረች።

«አንተ ፋራ፣ ጫማህ ይታያል። ሰብስበው!»

ሰበሰብኩት። ያኔ በቁጥቋጦው መሀል ፊቴን አየችው።

«የእትዬ ሙሉ ልጅ አይደለህ እንዴ?»

«አጸደ?»

«እዚህ ሐሊማ ነኝ። እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እንዳትነግራት። በድንጋጤ ትሞትብኛለች።»

ይህን ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። እሷ እስሩን ትጥላለች፣ እኔ አነሳለሁ። ከተማ ውስጥ ለጠላት መኮንኖች ሻይና ዳቦ እያቀረበች ትኖር እንደነበር የነገረኝ መኮንናችን ነው። ብትያዝ ምን እንደሚያደርጓት ታውቅ ነበር። እኛ በምሽጋችን ውስጥ ጓደኛ ነበረን፣ ጥይት ነበረን። እሷ ሻሿና ምላሷ ብቻ ነበሯት፤ ምላሷንም ዘግታ ነበር የኖረችው።

በእሷ ጭራሮ ሁለት ጊዜ ከሞት ተርፈናል። አንድ ጊዜ ልጣቸው የተላጠ እንጨቶች መጡ። በዚያው ምሽት ምሽጋችንን ለቅቀን ወደ ጎን ሸሸን። ሲነጋ መድፉ ባዶውን ምሽግ አረሰው። ልጆቹ ማን እንዳተረፋቸው ሳያውቁ «ዶሮ ማነቂያ ዛሬ ጾሟን ዋለች» እያሉ ሳቁ። እኔ ግን አውቅ ነበር።

ከዚያ መኮንናችን ወደ ሌላ ግንባር ተዛወረ። በእሱ ቦታ ከኋላ ደጀን አንድ ሻለቃ መጣ። ስሙን አልጠራም። አፌ ላይ ላኖረው አልፈልግም። ቦቲ ጫማው ያበራ ነበር። ካርታ ነበረው፣ እርሳስ ነበረው፣ ጆሮ ግን አልነበረውም። ከተማዋን በወንዙ በኩል እናጠቃለን አለ።

የማጥቃቱ ዋዜማ ጠዋት ከግራሩ ሥር ያገኘሁት እስር ከወትሮው ይከብድ ነበር። ፈታሁት። ጫፋቸው የተለበለበ እንጨቶች በብዛት ነበሩ፤ የወንዙ አሸዋ በቁራጭ ጨርቅ ተቋጥሮ ታስሮባቸዋል። ከነሱ በታች ወፍራም ወፍራሞቹ ተደርድረዋል። መፍታት አያሻውም፤ ወንዙ ፈንጂ ተቀብሮበታል፣ ከፈንጂው ማዶ ታንክ አድፍጧል። ይዤ ወደ ሻለቃው ድንኳን ሮጥኩ። ሃምሳ አለቃ ገረመው፣ የመቷችን ምክትል፣ አብሮኝ ገባ። እንጨቶቹን መሬት ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አስረዳሁት።

ሻለቃው እስክጨርስ አዳመጠኝ። ከዚያ ሳቀ።

«የሴት ጭራሮ ነው ካርታዬን የሚያርመው?»

ገረመው «ጌታዬ፣ ሁለት ጊዜ አትርፋናለች» አለው።

«የፈራችሁ እንደሆነ ፈራን በሉ» አለና ወደ አጃቢው ዞረ። «ሰብስበህ አንድደው። ሻይ አፍላበት።»

አጃቢው ሰበሰበው፤ አነደደው። አጸደ ነፍሷን አስይዛ የለቀመችው እንጨት ዓይኔ እያየ ከሰል ሆነ። ሻዩ ፈላ። ሻለቃው ጠጣ። ስኳር ጨምሩልኝም አለ። እስከ ዛሬ ሻይ በጭራሮ ሲፈላ በሚሸትበት ቦታ አልቀመጥም።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ወደ ወንዙ ወረድን። ጨለማው ገና አልለቀቀም ነበር። አሸዋውን የረገጠው የመጀመሪያው ሰው ክፍሌ ነበር፣ የሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ልጅ። ፈነዳ። ወደ ግራ ዞርን። ፈነዳ። ወደ ኋላ ልንል ስንል ታንኮቹ ከማዶ ተኮሱ። ልጆቹ ተደራርበው ወደቁ። የሚጮህ ነበር፣ እናቱን የሚጠራ ነበር። እኔ ጭኔን ተመታሁ። ገረመው በቀበቶዬ ጎትቶ አወጣኝ። ፀሐይ ስትወጣ ከመቷችን ሃያ ሦስት ሰው አሸዋው ላይ ቀርቶ ነበር።

ሐረር ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ገረመው ሊጠይቀኝ መጣ። ከላይ ሁለት የፊት ጥርሶች ጎድለውታል።

«ከተማዋን ያዝናት» አለኝ። «በሌላ በኩል ዞረን።»

«አጸደስ?»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ልትቀበለን እልል እያለች ወጣች፤ የጭራሮዋ ሴት እኔ ነኝ አለች። ሻለቃው አስያዛት። ያስፈጀችን እሷ ናት፣ ለጠላት ነው የምትሠራው አለ። በዚያው ቀን ግንብ ሥር አቁመው ረሸኗት።»

«አንተ ዝም አልክ?»

«ዝም ብል ጥርሴ የት ሄደ ታዬ?»

ሃያ ሦስት ሰው ያስፈጀ ሰው ተጠያቂ ያስፈልገው ነበር። ስለ ጭራሮው የምታውቀውን ልጅ ገደላት፣ ጥፋቱን በእሷ ላይ ጫነ፣ ለዚያው ውጊያ ኒሻን ተሸለመ። እኔ ድኜ ስመለስ በጦሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ታሰርኩ። ገረመው በሰሜን ግንባር ቀረ። ሻለቃው ጡረታ ወጥቶ አልጋው ላይ ሞተ። በሞቱ አልተደሰትኩም። አላዘንኩምም።

ከእስር ስፈታ በቀጥታ ወደ እትዬ በላይነሽ ሄድኩ። የቀበሌ ሰዎች ቀድመውኝ ነበር። ልጅሽ ከሃዲ ናት፣ ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነው ብለዋታል። የሰፈሩ እድር ድንኳን አልተከለም፤ ፈርቷል። እናቷ ድምፅዋን አውጥታ እንዳታለቅስ በር ላይ ጠባቂ ቆሞ ነበር።

ጎረቤቷ እትዬ ዘይነባ ግን መላ ዘየደች። ሽንኩርት በዘንቢል ይዛ መጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠችና «በላይነሽ፣ እስቲ አብረን እንክተፍ» አለቻት። በማግስቱ ሌላዋ ሴት ሽንኩርቷን ይዛ መጣች። ከዚያ ሌላዋ። የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ፣ ክርስቲያን እስላም ሳይሉ፣ እዚያች በረንዳ ላይ ተደርድረው ከተፉ። እንባቸው ይወርዳል። ጠባቂው ምን ይበል? ሽንኩርት ነው።

እትዬ በላይነሽ ሁሉንም ከነገርኳት በኋላ እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ። «እርሜንስ አወጣሁ፣ ሽንኩርት ይመስገን። ልጄ ግን እንደ ሰው ድንኳን አልተተከለላትም።» እስክትሞት ይህንኑ ትደጋግም ነበር። አደራው እኔ ላይ ቀረ።

አሁን ሰፈራችን ፈርሷል። ዶሮ ማነቂያም፣ ከድልድዩ በላይ የነበሩት ቤቶቻችንም የሉም። ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። ባለፈው የእድሩ የመጨረሻ ስብሰባ ተጠራ፤ ድንኳኑና አግዳሚዎቹ ለማን ይሰጡ የሚል ነበር። ሊቀመንበሩ ሸምሱ ነው፣ የእትዬ ዘይነባ ልጅ። እጄን አወጣሁ።

«ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ቀን ለአጸደ ትተክሉታላችሁ» አልኩ።

ሸምሱ ተቸገረ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ቆይቶ ምን ለቅሶ አለ? ደግሞ እሷ... የሚባለውን እርስዎም ያውቁታል።»

ከኋላ አንዱ «ሬሳው የታለ?» አለ። ጥቂቶች ሳቁ።

«ሬሳው የት እንዳለ ባውቅ አንተን እጠይቅ ነበር?» ብዬ ጮኽኩበት። ከዘራዬን መሬት ላይ መታሁ። «አንተም ሸምሱ፣ የሚባለውን ተወውና እናትህን ጠይቃት። ስለ ሽንኩርቱ በላት።»

ሸምሱ በማግስቱ ደወለልኝ። ድምፁ ተለውጧል።

«ጋሼ፣ ድንኳኑ መቼ ይተከል?»

እሑድ ጠዋት የፈረሰውን ሰፈራችንን ከከበበው የቆርቆሮ አጥር ጎን ተተከለ። የተበተነው ሰው ከየአቅጣጫው በታክሲ መጣ። ቆሜ የዶሮ ማነቂያን ሙታን ጠራሁ። ከክፍሌ ጀመርኩ። ሃያ ሦስቱን ጨረስኩ። ሃያ አራተኛ አጸደን ጠራሁ። የመቷችን ሙታን ቁጥር ይህ ነው፤ ሌላ የሚነግራችሁ ካለ ውሸቱን ነው። አገር ጀግና አጣሁ ስትል እሰማለሁ። አላጣችም፤ አንዷን በገዛ እጇ ገድላለች።

እትዬ ዘይነባ በልጇ ክንድ ተደግፋ ገባች። በእጇ ፌስታል ነበር። አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ከፌስታሉ አንድ ቀይ ሽንኩርት ተንከባለለ። አንዲት ሴት አነሳችና «እማማ፣ ልክተፍልዎት?» አለቻት።

«ተይው ልጄ» አለች። «ዛሬ አይከተፍም።»

ከዚያ ሻርፗን ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ «አጸደዬ!» ብላ ጮኸች። ዝም በይ ያላት ሰው አልነበረም።