የአባቴ መደብ

የሐረርን ሰው «ልብስህ አላማረም» ብትሉት ስቆ ያልፋችኋል፤ «ቤትህ አረጀ» ያላችሁት ዕለት ግን ጉዳችሁ ፈላ። እኔም ያው ነኝ። ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈላና በር በማይርቅ ቀጭን መንገድ ላይ ተወልጄ ያደግሁ መምህርት ነኝ፤ በቤታችን ጉዳይ ከመጡብኝ አልመለስም።

ያኔ ከተማችን እየታደሰች ነበር። በክረምት ጭቃው ጫማችንን ይነጥቀን የነበረው መንገድ ድንጋይ ተነጠፈበት። የየቤቱ ግንብ አረንጓዴና ሮዝ ተቀባ። ጎረቤቶቻችን የአያቶቻቸውን ቤት እየጠገኑ ለጎብኚ ከፈቱ። ከሸዋ በር ሽቅብ የመጣ ፈረንጅ ካሜራውን አንግቶ በደጃችን ሲያልፍ ደረቴን ነፍቼ እቆም ነበር፤ ድንጋዩን ያነጠፍኩት እኔ ይመስል!

የኛ ቤት ግን በዚያው ክረምት የጀርባ ግድግዳው ተናደ። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ ቃል የታላቅ ወንድሜ ነበር። እሱ ሸዋ በር አጠገብ ሱቅ አለው፤ የሚኖረው ከግንቡ ውጭ፣ ወለሉ እንደ መስታወት በሚያንሸራትት አዲስ ቤት ነው። መጥቶ ፍርስራሹን ዞር ዞር ብሎ አየና፣

«እማ፣ ይሄ ቤት አብቅቶለታል። እንሽጠውና እኔ ጋ ግቢ» አላት።

እናቴ ከፍርስራሹ ድንጋይ እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«አባትህንስ ለማን ትሸጠዋለህ?»

እኔማ ምን የቀረኝ ስድብ አለ! ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ተጯጯህን። በመጨረሻ ወንድሜ እጁን አወናጨፈና «እሺ፣ እስከ ዓረፋ» አለ። «እስከ ዓረፋ ተጠግኖ እንደ ሌሎቹ እንግዳ ከገባበት ይቆይ። አለበለዚያ ይሸጣል፤ ወላሂ ይሸጣል።»

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሐረሪ ቤት ወንበር አይፈልግም። ሳሎኑ ራሱ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠሩ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ፣ ቀይ አፈር የተቀቡ መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ልጅ ሳለን ነው የምንማረው። ከፍ ያለው የአባወራው ነው፤ ከበሩ ሥር ያለው ዝቅተኛው ደግሞ የታናናሾች። አባቴ ከሞተ በኋላ በሱ መደብ ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም፤ ወንድሜ እንኳ አልደፈረም። እናቴ ምንጣፉን አራግፋ መልሳ ታነጥፍለታለች እንጂ፣ እሱ በሕይወት ሳለም ሆነ ከሞተ በኋላ አንድ ቀን አልተቀመጠችበትም።

ጥገናው ተጀመረ። የመጀመሪያው ግንበኛ ሲሚንቶ አሸክሞ ሲመጣ እናቴ «ይሄ ቤት ሲሚንቶ አይበላም» ብላ ከነከረጢቱ መለሰችው። በድንጋይና በጭቃ መገንባት የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ተፈልገው መጡ፤ ግድግዳውም ቆመ። ከዚያ በሠርግም በሐዘንም የማይለዩዋት፣ አፎቻ የምንለው የዕድሯ ሴቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። ቀዩን አፈር በውሃ በጥብጠው መደቦቹን በእጃቸው እየዳበሱ ቀቡ።

«አንቺ መምህርት፣ እጅሽ ከጠመኔ ሌላ አያውቅም እንዴ? ንከሪው እንጂ!» ሲሉኝ ነከርኩት። ጥፍሬ ውስጥ የገባው ቀይ ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም፤ ተማሪዎቼ ሲያዩት «የቤቴ ነው» እያልኩ እኮራ ነበር። እናቴ በወጣትነቷ የሰፋቻቸውን የሣር ስፌቶች ግድግዳው ላይ ሰቀልን። ማሻአላህ፣ ቤቱ ሙሽራ መሰለ!

ቤቱ ቢያምርም እንግዳ የሚባል ግን ድርሽ አላለም። ዓረፋ እየቀረበ ሲመጣ እናቴ ምግብ መብላት ቀነሰች። ለበዓሉ ጥቂት ሲቀረው ግን የሰፈራችን ልጅ የሆነ አስጎብኚ ሦስት ፈረንጆች አስከትሎ ከች አለ። ወንድሜም ሰምቶ ኖሮ መጣና እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ።

እንግዶቹ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ከመካከላቸው አንዱ ረጅሙ ሰውዬ፣ ፀሐዩ አድክሞት ነው መሰለኝ፣ በቀጥታ ሄዶ አባቴ መደብ ላይ ዘፍ አለ።

ለበዓሉ ሊያግዙ የመጡት የአፎቻዋ ሴቶች አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። አስጎብኚውን ላብ አጠመቀው። ደሜ ፈላ፤ ላስነሳው አንድ እርምጃ ስራመድ እናቴ በእጇ ከለከለችኝ።

«ተዪው። እንግዳ ነው፣ ምን ያውቃል?»

ሻሿን አስተካከለች። «ቢስሚላህ» አለችና ወደ መደቡ ወጥታ ከሰውዬው አጠገብ ተቀመጠች። ሰውዬው አንድ ነገር እንዳጠፋ ገባውና ደንግጦ ተነሳ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አስጎብኚውን በሹክሹክታ ጠየቀው።

«የማን ቦታ ነው እያለ ነው፣ እማማ።»

«የቤቱ ባለቤት ቦታ ነው በለው።»

«ባለቤቱ የት ናቸው? ይላል።»

እናቴ እንግዳውን አላየችውም። ያየችው በሩ ላይ የቆመውን ልጇን ነው።

«እኔ ነኝ» አለች።

ወንድሜ ያጣመረውን እጁን ፈታ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ፤ ገባና ከበሩ ሥር ካለችው፣ ልጅ ሳለን አብረን እንቀመጥባት ከነበረችው ዝቅተኛ መደብ ላይ ቁጭ አለ። እንባዬ ዝርግፍ አለ። ኩራትም እንደሚያስለቅስ ያን ቀን አወቅሁ።

«አንተ ደግሞ ምን ተጎለትክ?» አለችው እናቴ ከላይ ሆና። «እንግዳ ገብቶ የለም እንዴ? ውሃ አቅርብ እንጂ!»

ወንድሜ ተነስቶ ውሃ አቀረበ።